ጅግራ ጫጩቶቿን እንዴት ታሳድጋለች? ከእሷስ ምን እንማራለን?

በዛሬው ትምህርታችን ስለ ዱር ወፎችና ስለ ጫጩቶቻቸው እናነባለን። የምናነበው ግን ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በየቤታችን ዶሮ አለች። ዶሮዋ ታቅፋ ትፈለፍላለች። ታዲያ ከተፈለፈሉት ውስጥ ስንቱ ያድጋል? 12 ጫጩት ተፈልፍሎ በሁለት ወሩ 4 ወይም 5 ብቻ የሚቀርበት ቤት ብዙ ነው። የእንቁላልና የዶሮ ገንዘብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የእናት ገንዘብ ነው። ጨው፣ ሳሙና፣ የልጅ ደብተርና እርሳስ የሚገዛው ከዚያ ነው። ስለዚህ ጫጩት ሲሞት ደብተርም አብሮ ይጠፋል ማለት ነው።

እናንተ ዶሮ በማርባት ከእኔ የበለጠ ልምድ አላችሁ። እኔ ተማሪ ነኝ። ነገር ግን በመጽሐፍ የተማርኩትና እናንተ በዓይናችሁ ያያችሁት ሲገናኝ ጥሩ ትምህርት ይወጣዋል። ስለዚህ እያነበባችሁ «ይሄ እውነት ነው? እኛ አገር እንዲህ ነው ወይ?» እያላችሁ ተወያዩበት።

ጅግራና ቆቅ በአርሲ

አርሲ ደጋም፣ ወይና ደጋም፣ ቆላም ያለበት አገር ነው። የጭላሎ፣ የካካና የባዳ ተራሮች ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋሉ። አሰላ ከተማ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ዶዶታና ወደ ዝዋይ ሐይቅ ሲወረድ አገሩ እየሞቀ ይሄዳል።

ጅግራ የምትወደው ሞቅ ያለውን አገር ነው። ቁጥቋጦና ሣር ያለበትን ሜዳ ትመርጣለች። መልኳን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ላባዋ ጠቆር ያለ ሆኖ ነጫጭ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበታል። በራሷ ላይ ቀንድ የሚመስል አጥንት አለ። በዓለም ላይ ሰው በቤቱ የሚያረባው ጅግራ ሁሉ ዘሩ ከአፍሪካ የሄደ ነው።

ደጋው ደግሞ የቆቅ አገር ነው። ቆቅ በገብስና በስንዴ ማሳ ዳር፣ በአስታውም፣ በተራራው ሣር ውስጥ ትኖራለች። በአርሲና በባሌ ከፍተኛ ቦታዎች የሚኖር፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ የቆቅ ዓይነትም አለ። ሰው ንቁ ሲሆን «እንደ ቆቅ ነቅቶ» የምንለው በከንቱ አይደለም።

ጅግራም ቆቅም የዶሮ ወገን ናቸው። ሦስቱም መሬት ይጭራሉ። ሦስቱም እንቁላል ይታቀፋሉ። የሦስቱም ጫጩት ከእንቁላል ሲወጣ ዓይኑ የተገለጠ ነው፤ ወዲያው በእግሩ ይሄዳል። እንደ ርግብ ጫጩት ጎጆ ውስጥ ተኝቶ እናቱ እንድታጎርሰው አይጠብቅም። ይህ ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ ግን ገና በአንድ ቀኑ ዓለም ውስጥ ይገባል። ብርድ፣ ዝናብ፣ ጭልፊት፣ ረሃብ ሁሉ በአንድ ቀኑ ያገኙታል።

እንቁላል መጣልና መታቀፍ

ጅግራ እንቁላል የምትጥለው ዝናብ ሲጥል፣ ሣርም ተባይም ሲበዛ ነው። ጎጆ የምትሠራው በዛፍ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነው። ከረጅም ሣር ወይም ከቁጥቋጦ ሥር መሬቱን ትንሽ ጎድጎድ አድርጋ ትጭርና እዚያ ትጥላለች። አንዲት ጅግራ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 እንቁላል ትጥላለች። አንዳንዴ ሁለት እናቶች በአንድ ጎጆ ይጥሉና ቁጥሩ ይበዛል።

የቤት ዶሮ 21 ቀን ትታቀፋለች። ጅግራ ግን ከ26 እስከ 28 ቀን ትታቀፋለች። ስለዚህ የጅግራ እንቁላል ከዶሮ እንቁላል ጋር ቀላቅሎ ማስታቀፍ አይሆንም። የዶሮዋ ጫጩቶች በ21ኛው ቀን ሲወጡ እናትየው ተነስታ ትከተላቸዋለች፤ የጅግራው እንቁላል በርዶ ይቀራል።

ሊፈለፈሉ አንድ ቀን ያህል ሲቀራቸው ጫጩቶቹ በቅርፊቱ ውስጥ ሆነው ድምፅ ያሰማሉ። እናትየው ዝቅ ባለ ድምፅ ትመልስላቸዋለች። በዚህ ዓይነት ገና ሳይወጡ የእናታቸውን ድምፅ ይለምዳሉ።

የጫጩት ልብ የመጀመሪያ ያየውንና የሰማውን ይዞ ይቀራል። ኮንራድ ሎሬንዝ የሚባል የኦስትሪያ ሊቅ ይህንን በዝይ ጫጩቶች መርምሮ አሳይቷል። ከእንቁላል ሲወጡ መጀመሪያ ያዩት እሱን ስለነበረ፣ እንደ እናታቸው ቆጥረው በሄደበት ይከተሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በዶሮ የተፈለፈለ የጅግራ ጫጩት ዶሮዋን «እናቴ» ብሎ የሚከተለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት

አሁን ወደ ትምህርታችን ዋና ነገር ደርሰናል። የጫጩት ሕይወት አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። እናትየው በእነዚህ 14 ቀናት አራት ሥራ ትሠራለች።

አንደኛ፦ ታሞቃለች። አዲስ ጫጩት የለበሰው ጥጥ የመሰለ ለስላሳ ጸጉር እንጂ እውነተኛ ላባ አይደለም። ይህ ጸጉር ዝናብ አይመልስም። ከረጠበ ጫጩቱ ቶሎ ይበርደውና ይሞታል። የራሱን ሙቀት ለመጠበቅም ገና አቅም የለውም። በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ያህል ሙቀት ያስፈልገዋል። የእናትየው ሰውነት ወደ 41 ዲግሪ ስለሚሞቅ በክንፏ ሥር ስትሰበስባቸው በቂያቸው ነው። ስለዚህ ጥቂት ይመገባሉ፤ ተመልሰው ክንፍ ሥር ይገባሉ፤ እንደገና ይወጣሉ። ዝናብ ሲመጣ እናትየው ክንፏን ዘርግታ እንደ ጣራ ትሆናቸዋለች።

ሁለተኛ፦ ምግብ ታሳያለች። ጫጩቱ ከእንቁላሉ አስኳል የተረፈ ስንቅ በሆዱ ይዞ ይወጣል። በዚያ ስንቅ ሁለት ቀን ያህል ይቆያል። ከዚያ በኋላ ግን ገንቢ ምግብ ይፈልጋል። ገንቢ ምግብ ማለት ሥጋና አጥንት የሚሠራ ምግብ ነው። ለሰው ልጅ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ወተትና እንቁላል ገንቢ ምግብ እንደሆኑት፣ ለጫጩትም ምስጥ፣ ፌንጣ፣ ትልና ትንንሽ ጢንዚዛ ገንቢ ምግብ ናቸው። ያደገች ጅግራ ጥሬና የሣር ሥር ትበላለች። ጫጩቷ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በብዛት የምትበላው ተባይ ነው። እናትየው መሬት ጭራ ፌንጣ ስታገኝ ራሷ አትውጠውም። በአፏ ታነሳዋለች፤ ትጥለዋለች፤ ትጠራለች። ጫጩቶቹ ሮጠው ይመጣሉ። ይህ ትምህርት ቤታቸው ነው።

ሦስተኛ፦ ታስጠነቅቃለች። ጭልፊት በሰማይ ሲያንዣብብ የምታሰማው ድምፅ ሌላ ነው፤ ድመት ወይም ሽለምጥማጥ በምድር ሲመጣ የምታሰማው ድምፅ ሌላ ነው። የቤት ዶሮም ይህን ታደርጋለች። ልብ ብላችሁ ብታዳምጡ ትለዩታላችሁ። የጭልፊቱን ድምፅ ሲሰሙ ጫጩቶቹ እንደ ድንጋይ ፀጥ ይላሉ። መልካቸው ከደረቅ ሣር ጋር ስለሚመሳሰል አይታዩም። በቆቅ ወገን ደግሞ እናትየው ክንፏ የተሰበረ መስላ መሬት ለመሬት እየተንፏቀቀች ጠላትን ወደ ራሷ ትስባለች። ጠላት ከጫጩቶቹ ሲርቅ ብድግ ብላ ትበራለች። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው በእሷ ላይ አይሠራም። እሷ የምትጮኸው ጅቡ ሳይደርስ ነው።

አራተኛ፦ መሸሸጊያ ወዳለበት ትመራለች። ባዶ ሜዳ ላይ አታቆያቸውም። ተባይ ያለበት፣ ግን ቁጥቋጦ በቅርብ የሚገኝበት ቦታ ትወስዳቸዋለች። ሌሊት ገና መብረር ስለማይችሉ እሷም ከእነሱ ጋር መሬት ላይ ታድራለች። ክንፋቸው ጠንክሮ መብረር ሲጀምሩ ብቻ ወደ ዛፍ ይዛቸው ትወጣለች።

አባትየውም ይረዳል

የቤታችን አውራ ዶሮ ጮሆ ያነቃናል እንጂ ጫጩት አያሳድግም። ወንዱ ጅግራ ግን ሌላ ነው። እናትየው ስትታቀፍ እሱ አይታቀፍም። ጫጩቶቹ ሲወጡ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት አብሮ ይመራቸዋል፤ በክንፉም ሥር ያሞቃቸዋል። ለምን? እናትየው 27 ቀን ያህል ታቅፋ ከስታለች። እሱ ሲያግዛት እሷ በልታ ጉልበቷ ይመለሳል። እንግዲህ በእኛም ቤት «ጫጩት የሴት ሥራ ነው» የሚል አባወራ ካለ ጅግራን ይመልከት።

በሌላው ዓለም ያለች ዘመዳቸው

በሰሜን አሜሪካ ቱርክ የምትባል ትልቅ የዱር ወፍ አለች። እሷም የዶሮ ወገን ናት። በከተማ አንዳንድ ሰዎች የሚያረቧት የቱርክ ዶሮ ዘሯ ከዚያ ነው። የሜክሲኮ አገር ሰዎች ከጥንት ጀምረው አልምደዋታል።

የዱሯ ቱርክ መሬት ላይ ከ10 እስከ 12 ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ 28 ቀን ትታቀፋለች። ወንዱ ምንም አይረዳም። እሷ ብቻዋን ጫጩቶቿን ሁለት ሳምንት ያህል መሬት ላይ በክንፏ ሥር ታሳድራለች፤ ከዚያ ወደ ዛፍ ታወጣቸዋለች። ጫጩቶቿ የሚበሉት በብዛት ተባይ ነው። ይህን ሁሉ አድርጋም ብዙ ጊዜ ከጫጩቶቿ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይሞቱባታል። ብርድ ያለበት ዝናብ በእነዚያ ሳምንታት ከጣለ ደግሞ ይብሳል።

ይህን ወፍ ሰዎች ያለ ልክ አደኑት፤ ጫካውንም መነጠሩት። በዚህ ምክንያት በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ኋላ አደኑ በሕግ ተወሰነ፤ ወፎቹም ከቀሩበት ቦታ እየተወሰዱ በጠፉበት ተለቀቁ። ዛሬ ቁጥራቸው በሚሊዮን ነው። የተጠበቀ ነገር ይመለሳል።

ከዚህ አንድ ነገር እንረዳለን። የዱር እናት ጎበዝ ናት፤ ግን እሷም ግማሹን ታጣለች። ዕውቀቷ ከእኛ እጅ ጋር ቢተባበር ከዚያ የተሻለ ማድረግ ይቻላል።

የቤታችን ዶሮ ምን አጣች?

የቤታችን ዶሮ የእናትነት ዕውቀቷን አልረሳችም። ታሞቃለች፤ ትጭራለች፤ ትጠራለች፤ ታስጠነቅቃለች። ያጣችው ቦታውን ነው። ግቢው ሜዳ ነው፤ ቁጥቋጦ የለም። ተባዩ ያልቃል። ወለሉ በክረምት ጭቃ ነው። በበቆጂና በሳጉሬ በኩል ያለው የደጋ ብርድ፣ የጥቅምትና የኅዳርም ውርጭ ለጫጩት ከባድ ነው። እንዳትጠፋም እግሯን በገመድ እናስራታለን። ታስራ ጭልፊቱን ብታይ ምን ታደርጋለች? ስለዚህ የነሳናትን ነገር በሌላ መንገድ እንመልስላት።

1. ደረቅና ሙቅ ማደሪያ። እናትና ጫጩቶችን ከጭቃው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ገለባ ወይም ድርቆሽ አንጥፎ ማሳደር። የረጠበውን ገለባ በየጊዜው መቀየር። ጫጩቶቹ ራሳቸው ይነግሩናል፦ ተደራርበው ከተጨናነቁ በርዷቸዋል፤ ተራርቀው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል፤ ተበታትነው በጸጥታ ከተኙ ተመችቷቸዋል። እናት ለሞተችባቸው ጫጩቶች የድርቆሽ ሳጥን ይረዳል። የሳጥኑን ዙሪያ በድርቆሽ ጠቅጥቆ፣ መሐሉን ለጫጩቶቹ ክፍት ትቶ፣ አየር እንዲገባ አድርጎ በላዩ መሸፈን ነው። ድርቆሹ የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት ይዞ ያቆያል። ኤሌክትሪክም ላምባም አይፈልግም።

2. ገንቢ ምግብ። የተፈጨ ወይም የደቀቀ ስንዴ፣ ገብስ ወይም በቆሎ ጥሩ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ምስጥ ባለበት ቆላ፣ ማሰሮ ውስጥ እርጥብ ጭድና እበት ሞልቶ በኩይሳው ላይ ደፍቶ ማሳደር። ጠዋት ምስጡ ገብቶ ይገኛል፤ ለጫጩቶቹ ማራገፍ ነው። በደጋ ደግሞ የፍጉን ክምር ገለጥ ማድረግ፤ ትሉን ራሳቸው ይለቅማሉ። የኑግ ፋጉሎ የሚገኝበት ሰው ጥቂት ከእህሉ ጋር ቢቀላቅል ይጠቅማል።

3. ንጹሕ ውሃ። ጥልቀት በሌለው ሳህን ይሁን። ጫጩቱ ገብቶ እንዳይሰጥም በውስጡ ትንንሽ ጠጠር መጨመር። ውሃውን በየቀኑ መለወጥ።

4. መሸሸጊያ። ከቀርከሃ ወይም ከሸንበቆ ሰፋ ያለ ቅርጫት ሠርቶ እናትየውን በውስጡ ማስቀመጥ። ቀዳዳው ጫጩት የሚያሳልፍ፣ ድመት የማያስገባ ይሁን። ጫጩቶቹ ወጥተው ይጭራሉ፤ እናትየው ስትጠራቸው ሮጠው ይገባሉ። ቅርጫቱ የዱሩን ቁጥቋጦ ተካ ማለት ነው።

5. ክትባት። የዱር እናትም የቤት እናትም ልትመልሰው የማትችለው ጠላት አለ። እሱም ፈንግል ነው። ፈንግል ሲገባ የመንደሩን ዶሮ ጠራርጎ ይወስዳል። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ክትባቱ በቢሾፍቱ ይመረታል። በዓይን የሚንጠባጠብም ዓይነት አለ። አንድ ቤት ብቻ ቢያስከትብ አይበቃም፤ ዶሮዎቹ በየሜዳው ይገናኛሉና። ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋግሮ በአንድ ቀን ማስከተብ፤ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ሠራተኛም ተሰብስቦ መጠየቅ ይሻላል። የታመመ ዶሮ ገበያ ማውጣትም በሽታውን ለሌላው መንደር መላክ ነው።

ለዱሮቹስ?

ጅግራና ቆቅ የተዘራ ዘር ይለቅማሉ። ይህ እውነት ነው፤ ገበሬ ቢበሳጭባቸው አይፈረድበትም። ግን ጫጩቶቻቸው ሰብል የሚበላውን ተባይ ሲለቅሙ ይውላሉ። አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ነው። ማሳው እየሰፋ፣ ቁጥቋጦው እየተመነጠረ ሲሄድ ለእነዚህ ወፎች የቀረላቸው የማሳ ዳርና የሸለቆ አፋፍ ነው። እሱንም ብናርሰው ወይም ብናቃጥለው መግቢያ የላቸውም።

ስለዚህ የማሳ ድንበር ላይ ያለውን ሣርና ቁጥቋጦ እስከ ጫፉ አንመንጥረው፤ አፈሩንም ከጎርፍ ይይዝልናል። ሣር ስናጭድ ከመሐል ወደ ዳር እንጨድ፤ ያኔ እናትየው ጫጩቶቿን ይዛ መውጫ ታገኛለች። ከዳር ወደ መሐል ካጨድን ግን መሐል ላይ እናፍናቸዋለን። እረኛ ልጆች ጎጆ ሲያገኙ እንቁላሉን ጠብሰው እንዳይበሉ እንንገራቸው። አንድ ጎጆ እንቁላል ለአንድ ልጅ የአንድ ቀን ምሳ ነው፤ ለአገሩ ግን የአንድ መንጋ ዘር ነው። የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግም የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል።

የዛሬውን ትምህርት በአንድ ዓረፍተ ነገር እንያዘው፦ ሙቀት፣ ገንቢ ምግብ፣ መሸሸጊያና ነቅቶ መጠበቅ ለ14 ቀን ያገኘ ጫጩት ለማደግ ትልቅ ዕድል አለው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

ሀ. አንብባችሁ በደብተራችሁ መልሱ።
1. ጅግራ ስንት ቀን ትታቀፋለች? የቤት ዶሮስ?
2. አዲስ ጫጩት ዝናብ ሲመታው ለምን ቶሎ ይሞታል?
3. ለጫጩት ገንቢ ምግብ የሚሆኑትን ሦስት ነገሮች ጻፉ።

ለ. የሒሳብ ጥያቄ።
1. አንዲት ዶሮ ጥቅምት 5 ቀን እንቁላል ታቀፈች። ጫጩቶቹ በስንት ቀን ጥቅምት ይወጣሉ?
2. ጥቅምት 20 ብትታቀፍስ? አንድ ወር 30 ቀን መሆኑን አትርሱ።
3. 12 ጫጩት ተፈልፍሎ 7 ቢሞት ስንት ይቀራል? በጥንቃቄ 3 ብቻ ቢሞትስ? የአንድ ዶሮን የገበያ ዋጋ እናንተ ታውቃላችሁ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስንት ብር እንደሚሆን አስሉ።

ሐ. የመወያያ ጥያቄ።
በመንደራችሁ ጫጩት በብዛት የሚገድለው ምንድን ነው፦ ብርድ፣ ጭልፊት፣ ረሃብ ወይስ ፈንግል? ሴቶችም ወንዶችም በተገኙበት ተወያዩ። ከተስማማችሁ በኋላ በቀበሌው ፊደል ጥሩ የሚጽፍ አንድ ሰው መርጣችሁ ሐሳባችሁን በወረቀት አስፍሩት፤ ለእንስሳት ጤና ሠራተኛውም ስጡት። ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለዚህ ነውና።

የመልስ ማረጋገጫ፦ ለ.1 ጥቅምት 26። ለ.2 ኅዳር 11። ለ.3 መጀመሪያ 5 ይቀራል፤ ኋላ 9 ይቀራል፤ ልዩነቱ 4 ዶሮ ነው።